ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ማን ይጠብቃቸዋል?

ሰኔ 30 ለኢትዮጵያ ተማሪ የፍርድ ቀን ነው። ካርድ ይታደላል፤ ያለፈው እየሮጠ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የወደቀው መንገድ ያረዝማል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ደግሞ ጉዳዩ የአገር ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ለፈተና ከተቀመጡት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267፣ ማለትም 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ከመሥሪያ ቤት እስከ ታክሲ ውስጥ አስተያየት ያልሰጠ አልነበረም።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ አንድም ጊዜ ያልተነሱ ልጆች ነበሩ። አለፉ አልተባሉም፤ ወደቁም አልተባሉም። የእነሱ ትምህርት የሚያበቃው በዕድሜ ነው። አንድ ቀን «አድጓል» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ አይመጣም።

እነዚህ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረምና መሰል ሁኔታዎች ያሉባቸው ወጣቶች ናቸው። ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ስለ እነሱ ሲነሳ ጥያቄው ሁሉ «እንዴት ትምህርት ቤት እናስገባቸው?» የሚል ነበር። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ገና አላለቀም። ሆኖም የገቡት አድገዋል። አሁን የሚያስፈልገው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ወዴት ነው የሚሄዱት? ይህን ከመውጣታቸው በፊት፣ በጽሑፍ፣ በኃላፊነት የሚመልስ ሰው አለ ወይ?

መግቢያው በትግል የተገኘ ነው

ይህን ለመረዳት መግቢያው እንዴት እንደተከፈተ ማስታወስ ይጠቅማል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ፣ መነሻቸው የገዛ ልጃቸው ነበር። በወቅቱ «ኦቲዝም» የሚለው ቃል ራሱ ለብዙው ሰው እንግዳ ነበር። እርግማን ነው፣ የእናት ኃጢአት ነው፣ ቡዳ ነው የሚባልበት ዘመን ነበር። ልጆች በጓዳ ይደበቁ፣ በገመድም ይታሰሩ ነበር። እሳቸው በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በየመድረኩ ቆመው ሲናገሩ የኖሩት ይህን ለመስበር ነው።

በመንግሥት በኩልም በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ልዩ ክፍሎች ተከፈቱ፤ ኋላም የአካቶ ትምህርት የሚባለው አሠራር መጣ። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከዚያ ቀድመው በራሳቸው ጥረት መንገድ ጠርገዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ጠበቃ፣ መምህር፣ ጋዜጠኛ የሆኑ ብዙ ናቸው። ለእነሱ መሰላሉ ቢያዳልጥም ቅርጹ ይታወቃል፤ ስምንተኛ፣ አሥራ ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራ እያለ ይቀጥላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ ግን መሰላሉ ከመጀመሪያው እርከን በላይ የለውም። ልዩ ክፍል ይገባል፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ በር ነው።

ከበሩ በኋላ

አንዲት የአዲስ አበባ እናት አለች፤ ጉሊት አትክልት ትሸጥ የነበረች። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጇ በዘጠኝ ዓመቱ በሰፈሯ ባለ ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል ገባ። አሥር ዓመት ቆየ። ስሙን መጻፍ፣ እስከ መቶ መቁጠር፣ ጫማውን ማሰር፣ ተራ መጠበቅ ተማረ። ከሁሉም በላይ የትምህርት ቤቱን ደወል የመደወል ኃላፊነት ተሰጠው። ዘበኛው ሰዓቱን በጣቱ ሲያሳየው ይሮጣል፤ ደወሉን ሳይመታ የቀረበት ቀን የለም።

አንድ ሰኔ ላይ ርዕሰ መምህሩ እናትየውን አስጠሩና በትሕትና ነገሯት። «እናታችን፣ ልጅዎ እኮ ትልቅ ሰው ሆኗል። ከትንንሾቹ ጋር ማስቀመጥ አንችልም። ከመስከረም ጀምሮ እቤት ቢሆን ይሻላል።» ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ከዚያ በላይ የሚሉት ነገር አልነበራቸውም። የሚልኩበት ቦታ፣ የሚደውሉለት መሥሪያ ቤት፣ የሚሞሉት ቅጽ አልነበረም። እሷም አመስግና ወጣች።

መስከረም ላይ ልጁ እንደ ወትሮው ተነስቶ ዩኒፎርሙን ለበሰና በሩ ላይ ቆመ። ነገሩ ለእሱ አልተነገረውም፤ ቢነገረውም በአንድ ቀን የሚገባ ነገር አይደለም። ለሳምንታት እንዲሁ እየለበሰ ቆመ። ጥር ሲገባ የሚናገራቸው ቃላት እየቀነሱ መጡ። ለብቻው ትቶት መውጣት ስለማይቻል እናት ጉሊቷን አቆመች። ታላቅ እህቱ ከትምህርት ቀርታ ሥራ ፍለጋ ወጣች። በአንድ ልጅ ከትምህርት ቤት መውጣት የሦስት ሰው ኑሮ ተናጋ።

ይህ ታሪክ ለየት ያለ አይደለም። ልዩ ክፍል ባለበት ትምህርት ቤት አካባቢ የሚኖር ሰው ዙሪያውን ቢጠይቅ ተመሳሳዩን ያገኛል። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ይብሳል። ወላጅ መደፈርን ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። አሥር ዓመት ተምራ የወጣች ልጅ ከመማሯ በፊት ወደነበረችበት ጓዳ ትመለሳለች።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ዜጎች አቅም በፈቀደ መጠን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት፣ አንቀጽ 27 ስለ ሥራ ይናገራል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ በሥራ ቅጥር እንዳይገለል ይከለክላል፤ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችም ያስገድዳል።

ችግሩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። የትምህርቱ ሕግ ልጁን እስከ በሩ ያደርሰዋል፤ የሥራው ሕግ ደግሞ ተፈላጊውን ችሎታ ይዞ የቀረበን ሰው ይጠብቃል። ከልዩ ክፍል የወጣ ወጣት ግን የሚያቀርበው የምስክር ወረቀት የለውም። ደወል በሰዓቱ መደወሉን፣ ታዛዥነቱን፣ እቃ አለመስረቁን የሚመሰክር ወረቀት ማንም አልጻፈለትም። ስለዚህ አዋጁ በወረቀት ላይ ቢኖርም በሩ ላይ ለቆመው ልጅ አይደርስም።

ሌላም አለ። 18 ዓመት ሲሞላው ልጁ በሕግ ፊት ሙሉ ሰው ነው። እናቱ እስከዚያ ቀን ስለ እሱ ትፈርም ነበር፤ ከዚያ በኋላ በራሷ ሥልጣን መፈረም አትችልም። የባንክ ሒሳብ፣ መታወቂያ፣ የሕክምና ስምምነት፣ የአባት ውርስ፣ ሁሉም የእሱን ፊርማ ይጠይቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያስቀመጠው መውጫ ሰውየው በፍርድ ቤት እንዲከለከልና ሞግዚት እንዲሾምለት ማድረግ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አንቀጽ 12 ግን ሰውየው የራሱን ውሳኔ በሌሎች እገዛ እንዲወስን ይላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ምርጫ ቀድሞ ያስረዳው ሰው የሌለ ቤተሰብ፣ ጉዳዩን የሚያውቀው የአባት ቤት ለወራሾች ሊከፈል ሲል ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ጊዜው ያለፈ ነው።

ከሌላው አገር ምን ይወሰዳል?

በአሜሪካ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህን ጉዳይ በሌላ መልኩ ያውቁታል። በዚያ አገር የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች በሕዝብ ትምህርት ቤት የመማር መብት በፌዴራል ሕግ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። መጀመሪያ ላይ እነሱም የገጠማቸው ይኸው ነበር። ልጆቹ ገቡ፣ ተማሩ፣ ከዚያ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። አሥራ አምስት ዓመት ከቆዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ሕጉ ሲሻሻል «ሽግግር» የሚባል ግዴታ ተጨመረ። ዛሬ የፌዴራሉ ሕግ ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው ከትምህርት በኋላ ስለሚኖረው ኑሮ የተጻፈ ዕቅድ እንዲኖረው ያስገድዳል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ይህን በ14 ዓመት ይጀምሩታል። በእንግሊዝም ዝግጅቱ የሚጀምረው በ13 እና 14 ዓመት አካባቢ ሲሆን፣ ድጋፉ ለሚያስፈልገው ወጣት እስከ 25 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል።

ዕቅዱ ሲታይ የተራቀቀ ነገር የለውም። ልጁ፣ ወላጁ፣ መምህሩና ከውጭ ያለ የሥራ ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ልጁ ምን ይወዳል? ምን ይችላል? የት ይኖራል? ምን እየሠራ ይውላል? ለዚያ በዚህ ዓመት ምን ይማር? ማን ምን ያድርግ? መልሱ ይጻፋል፤ በየዓመቱ ይከለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል የተጀመረው ፕሮጀክት ሰርች ከዚህ አንድ እርምጃ ይቀጥላል። ሐሳቡን ያነሱት የድንገተኛ ክፍሉ የነርሶች ኃላፊ ነበሩ። በክፍሉ የሕክምና ቁሳቁስ በየቦታው የመሙላት ሥራ ተደጋጋሚ ስለሆነ ሠራተኛ አይበረክትበትም ነበር። ይህን ሥራ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላላቸው ወጣቶች አስተማሩ፤ እነሱም በረከቱበት። ዛሬ በዚህ ዘዴ ወጣቶቹ የመጨረሻውን የትምህርት ዓመት በእውነተኛ የሥራ ቦታ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወሩ ያሳልፋሉ። ሌላው ሰው የሚሰለቸው ተደጋጋሚ ሥራ ለእነሱ የሚኮሩበት ሙያ ሊሆን እንደሚችል ታየ።

ይህ ማለት አሜሪካ ጉዳዩን ጨርሳዋለች ማለት አይደለም። ወጣቱ 21 ወይም 22 ዓመት ሲሞላው የትምህርት መብቱ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው አገልግሎት ማመልከቻና ወረፋ አለው። በዚያ አገር ወላጆች ያንን ቀን ከገደል ጋር ያመሳስሉታል። ከኢትዮጵያ ለሄደ ወላጅ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። እሱ ያደገበት ባህል መምህር ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማት ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ «እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» ሲባል «እናንተ ያላችሁት ይሁን» ብሎ ይፈርማል። ሕጉ ግን ወላጁ በስብሰባው የሚባለውን እንዲረዳ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ያስገድዳል። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች መረጃ ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ፣ አልገባኝም ማለት፣ አልፈርምም ማለት እዚያ አገር ነውር አይደለም። ይህን አውቆ 14ኛ ዓመቱ ላይ መናገር የጀመረ ወላጅና ሳያውቅ 21ኛ ዓመቱ ላይ የነቃ ወላጅ እኩል አይደሉም።

«ለጤነኛውስ ሥራ የት አለ?»

ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የሚመጣ መልስ አለ። ዲግሪ የያዘው ሥራ አጥቶ በሚንከራተትበት አገር ለእነዚህ ሥራ ማሰብ ቅንጦት ነው ይባላል። መልሱ የዋዛ አይደለም፤ በቁም ነገር መመዘን አለበት።

መጀመሪያ ነገር፣ የሽግግር ዕቅድ የሥራ ቅጥር ብቻ አይደለም። ወጣቱ ቀኑን በምን ያሳልፋል የሚለው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የሚሄድበት ቦታ፣ የሚጠብቀው ሰው፣ ጠዋት የሚነሳበት ምክንያት ካለው የተማረው አይጠፋም። ከሌለው በአንድ ዓመት ውስጥ የአሥር ዓመት ድካም ይተናል። መምህርት ቀጥሮ፣ ክፍል ከፍቶ፣ አሥር ዓመት አስተምሮ በመጨረሻው ቀን መጣል ነው እውነተኛው ብክነት።

ሁለተኛ፣ ዕቅድ አለመኖሩ ራሱ ዋጋ አለው። አንድ ወጣት እቤት ሲውል ቢያንስ አንድ ሠርቶ አዳሪ አብሮት እቤት ይውላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህች እናት ናት። ቤተሰቡ ከሚያገኘው ይቀንሳል፤ ከሚያወጣው ይጨምራል። ያ ቤተሰብ ነገ የከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ጠባቂ ይሆናል። መንግሥት በአንድ በር ያልከፈለውን በሌላው በር ይከፍላል።

ሦስተኛ፣ አገሩ ለዚህ ባዕድ አይደለም። ሥራን በማየት መማር የኢትዮጵያ ጥንታዊው ትምህርት ቤት ነው። ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ልጁን በፈተና አላስተማረም፤ አጠገቡ አስቀምጦ ድር እያስያዘ ነው። ጋራዥ ውስጥ መፍቻ የሚያቀብል ልጅ ከጊዜ በኋላ መካኒክ ይሆናል። ዳቦ ቤት፣ ቡና ለቀማ፣ በርበሬ ማሸግ፣ ዶሮ እርባታ፣ ችግኝ ማፍላት፣ የሱፐርማርኬት መደርደሪያ መሙላት፣ ሁሉም ቀስ ብሎና ደጋግሞ የሚሠራን ሰው ይፈልጋሉ። የሚጎድለው ልጁን ይዞ ሄዶ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አጠገቡ የሚቆም ሰው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ሕንፃና የውጭ እርዳታ ሳይጠበቅ ሊጀመሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው ስብሰባ ይጠራ። መምህርቷ፣ ወላጆቹ፣ የወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያና ልጁ ራሱ ይገኙ። ልጁ መገኘቱ ለይስሙላ አይሁን። መናገር ባይችል እንኳ የሚወደውን በሥዕል ያሳያል፤ በእጁ ይጠቁማል። ደወል የሚወድ ልጅ ሰዓት የሚከበርበት ሥራ ይስማማዋል። ይህን የሚያውቁት ዘበኛውና መምህርቷ ናቸው፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ሁለተኛ፣ ከ14 ዓመት በኋላ ያለው ትምህርት ይቀየር። ፊደል አሥር ዓመት ካስቸገረው፣ የቀሩት ዓመታት ለታክሲ አሳፈር፣ ለብር አቆጣጠር፣ ለስልክ አደዋወል፣ ለንጽሕና፣ ሰውነቱን የሚነካውን ሰው «እምቢ» ለማለት ይዋሉ። ይህ የመጨረሻው ለሴት ልጆች የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ከግቢ ወጥቶ ሥራ ይሞክር። የቴክኒክና ሙያ ማሰልጠኛዎች አጫጭር ሥልጠናዎችን ለእነሱ በሚሆን መንገድ ከፍለው ያስተምሩ፤ ዳቦ መጋገር ሙሉውን ባይችል ማቡካቱን ችሎ የምስክር ወረቀት ያግኝ። አዋጅ 568ን ወደ እነሱ የሚያቀርበው ይህ ወረቀት ነው።

አራተኛ፣ 18 ዓመት ከመሙላቱ አንድ ዓመት ቀድሞ ወላጅ ስለ መታወቂያ፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ሞግዚትነት ይነገረው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ወይም የአእምሮ ሕክምና ክትትል ያለው ከሆነ፣ ከሕፃናት ክፍል ሲወጣ የሚቀበለው የአዋቂዎች ክፍል ቀድሞ ይታወቅ።

አምስተኛ፣ የመለያያው ቀን ለልጁ ይነገረው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ዋናው ነው። በኦቲዝም ውስጥ ላለ ልጅ ድንገተኛ ለውጥ ከባድ ጭንቀት ነው። ወራት ቀድሞ በሥዕልና በቀን መቁጠሪያ ማሳየት፣ አዲሱን ቦታ ወስዶ ማስጎብኘት፣ የሚቀበለውን ሰው ማስተዋወቅ ወጪ የለውም። ጓደኞቹ የምረቃ ጋዋን ሲለብሱ እሱም አንድ ቀን ይጨብጨብለት።

ወላጅ ደግሞ የራሱ ድርሻ አለው። እነዚህን ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች አብዛኞቹ ማታ ማታ የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፤ «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» ይህን ጥያቄ ብቻዋን ይዛ የምታድር እናት መልስ አታገኝም። በዕድር፣ በማኅበር፣ በወላጆች ኮሚቴ ውስጥ በግልጽ ማንሳት ያስፈልጋል። ዕድር ለቀብር የሚሰበሰበውን ያህል ለሚቀረው ልጅም ሊሰበሰብ ይችላል። ከአራት ቤተሰብ አንዱ በተራ ልጆቹን ይዞ ቢውል እንኳ ሦስት እናቶች ጉሊታቸውን ይከፍታሉ።

ይህን ሁሉ የሚያስጀምር አንድ ትንሽ ነገር አለ። በየትምህርት ቤቱ የተማሪዎች መዝገብ አለ። ልጁ የገባበት ቀን ይጻፋል፤ የለቀቀበት ቀንም ይጻፋል። «ወዴት ሄደ? ማን ተረከበው?» የሚል ዓምድ ግን የለም። ያ ዓምድ ይጨመር። ርዕሰ መምህሩ ሊሞሉት ሲሉ ብዕራቸው ባዶ ቦታ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ ወረዳውን ይጠይቃሉ፤ ወረዳው ክፍለ ከተማውን ይጠይቃል፤ ክፍለ ከተማው ቢሮውን ይጠይቃል። አንድ ዓመት ባዶ ይሆናል፤ ሁለት ዓመት ባዶ ይሆናል፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ባዶነቱ ቁጥር ይሆናል። በዚህ አገር በጀት የሚመደበው ደግሞ ቁጥር ላለው ጉዳይ ነው።